ሰልፍ ላይ የቀረችው ላዳ

ገብረየስ ልጁን ሀይሚን በገዛ ላዳው ሊድራት ቃል የገባው ገና ጥርሷ ሳይበቅል ነው። ያኔ አልተኛም ብላ ስታለቅስ የኋላ ወንበር ላይ አጋድሞ ሰፈሩን ያዞራት ነበር፤ የሞተሩ ጩኸት እሹሩሩ ሆኖላት እንቅልፍ ይወስዳታል። ዛሬ ሠርጓ ነው። ላዳዋ ታጥባለች፣ በአበባ አጊጣለች፤ የቀራት ቤንዚን ብቻ ነው። ቤንዚን ደግሞ ላምበረት ማደያ በር ላይ ከትናንት ጀምሮ ያሰልፋል።

"ይኼኔ ሙሽራው ለሚ ኩራ እርስዎ ቤት ደርሷል" አለው ከኋላው የተሰለፈው ባለታክሲ ተካልኝ። "ይሂዱ እንጂ ጋሽ ገብረየስ! ላዳዋን እኔ እየገፋሁ አስጠጋልዎታለሁ።"

"ትንሽ ነው የቀረኝ።"

ሲነጋም ያለው ይህንኑ ነበር። ሞተር አስነስቶ መጠጋት ያለችውን ጠብታ መጨረስ ነውና ሰልፈኛው ሁሉ መኪናውን በእጁ እየገፋ ነው የሚጠጋው። ወገቡ ተቆርጧል። የሙሽራው ወገኖች መኪኖች ግን የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ቻርጅ ላይ ተሰክተው ያደሩ። እሱ ከመሬት ተቆፍሮ ለሚያልቅ ነገር ተገትሮ ሲውል፣ እነሱ ዝናብ በሚሞላው የወንዝ ውኃ በሚመነጭ መብራት ይነዳሉ። መቅናቱ አሳፈረው፤ ቢሆንም ቀና። ስልኩም ከተዘጋ ቆይቷል።

ረፋዱ ላይ ያ የታወቀ ካርቶን ማደያው በር ላይ ተሰቀለ፤ "ቤንዚን የለም"።

ሰልፈኛው ጮኸ፣ ተራገመ። ገብረየስ መራገሙም ደከመውና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። አሁን ቤት ሄዶ ምን ሊል ነው? ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። የሀይሚ አባት ጉልበቱን ይዞ ላምበረት ቀርቷል።

ከሙሽራው ወገን የመጣ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና አጠገቡ ሲቆም እንኳ አልሰማም። ሀይሚ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች።

"ሳልመረቅ ልሂድልህ አባዬ?"

"ላዳዋ..." አለ፤ እንባው ቀደመው።

ዘይት በጠጣው አስፋልት ላይ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። "ውለጂ፣ ክበጂ" አላት፤ ሌላው ምርቃት ሁሉ ጠፋበት። ተካልኝ የላዳዋን ቁልፍ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደለት።

ሙሽራው ወደ ፊት ወንበር አለፈለትና ገብረየስ ከልጁ ጎን፣ ከኋላ ገባ።

"ኧረ አስነሳው!" አለ ሾፌሩን የሞተር ድምፅ ቢያጣ፣ ያስረፈደው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

"እየሄድን እኮ ነው አባዬ።"

በመስኮት ሲያይ ላምበረት አልፏል። ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ሀይሚ የቬሎዋን ጫፍ ጉልበቱ ላይ አለበሰችለት።

"ቀስ ብለህ ንዳ" አለችው ሾፌሩን። "አባዬ ተኝቷል።"