ሞተሩ እስኪሞቅ

እታለም ጠዋት ጠዋት የምትነቃው በመኪና ሳል ነበር። የአባቷ አሮጌ መኪና ብርድ አይወድም፤ አንድ ሁለቴ ያስለውና ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ድምፁ ይረጋል። ይህን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። መጥላት የጀመረችው ወንድሟ ካገባ ወዲህ ነው።

እታለም የሚላት ይኸው ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ስሙ በዚያው ጸንቶ ሰፈሩ ሁሉ ይጠራታል። እሱ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ስለሆነ ሳምንቱን መስክ ውሎ ያድርና ለእረፍት ቀን ብቻ ብቅ ይላል። ሚስቱ አባቱ ቤት ነው የምትኖረው። ክሊኒክ ውስጥ ደም የምትመረምር፣ አጠር ያለች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ከመጣች ዓመት ቢያልፍም እስካሁን ሙሽሪት ነው የሚሏት።

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ቁጡ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው ምራታቸውን መንዳት ያስተምሯታል። ትምህርቱ የሚጀመረው ከማሞቅ ነው። ገና ሳይነጋጋ ካፖርታቸውን ደርበው ጋቢና ይገባሉ፤ ሙሽሪት መሪው ጋ፣ እሳቸው ከጎኗ።

«ነዳጅ አትንኪ» ይላሉ። «ዝም ብለሽ ስሚው። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ወዲያው ሩጥ ይባላል?»

«አባባ፣ እርስዎ እኔን ቀስቅሰው አላስሮጡኝም?»

ከዚያ ሳቅ ይከተላል። የእሳቸው ሳቅ። እታለም የምትሰፋበት ክፍል መስኮቱ ወደ ግቢው ስለሆነ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታያለች። የመኪናው መስታወት በትንፋሻቸው ደብዝዞ ሁለት ጥላ እንጂ ፊት አይታይም። ይህ ደግሞ ይብስ ያንገበግባታል።

ትምህርት የጨረሰች ሰሞን እሷም ጠይቃቸው ነበር። «አባዬ፣ መንዳት አስተምረኝ» ስትላቸው የሻይ ብርጭቋቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «መኪና ከሆነ አለሽ አይደል?» ብለው የስፌት መኪናዋን በአገጫቸው አሳዩዋት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ይኸው እስከ ዛሬ የሰፋችውን መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ አውቶቡስ ላይ ትጋፋለች።

አንድ ቀን ሙሽሪት ከመኪናው ስትወርድ እታለም መቀመጫው ላይ ትራስ አየች። ሰማያዊ ከፋይ የለበሰ ትራስ ነው። አባቷን ወገባቸውን ሲያማቸው ስፖንጁን ራሷ ቆርጣ፣ ጠርዙን በእጇ ለቅማ የሰፋችላቸው ነው።

ምሳ ላይ «ወገብህ ተሻለህ እንዴ አባዬ?» አለቻቸው።

«ኧረ የት ይሻለኛል።»

«ትራሱስ?»

«የቱ? እሱማ ሙሽሪት ከመሪው በላይ አልታይ ብትለኝ አስቀመጥኩላት።»

እታለም ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ሙሽሪት ተከትላት መጥታ «እትዬ፣ ያስቀየምኩሽ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት። «አንቺ ምን አደረግሽኝ» አለችና በሯን ዘጋች። ያን ቀን ከሰዓት የአንድ ዩኒፎርም እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ፣ ፈትታ፣ እንደገና ገልብጣ ሰፋች።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ቁልፉን ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለበት አውርዳ ጋቢና ገባችና ትራሱን ወደ ኋላ ወረወረችው። ማሞቅ ምን ይከብዳል? ድምፁን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ቁልፉን አዞረች።

የእጅ ፍሬኑ ስለላላ አባቷ ማርሽ አስገብተው ነው የሚያቆሙት። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ጋቢና ገብቶ የተማረ ሰው ብቻ ነው። መኪናው ወደፊት ዘለለና የውሃውን በርሜል ገጨ። በርሜሉ ተሰንጥቆ ውሃው ግቢውን አጥለቀለቀው፤ ሞተሩም ጠፋ።

አባትየው በሌሊት ልብሳቸው፣ በባዶ እግራቸው ወጡ። ሙሽሪት ከኋላቸው ደረሰች። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ «አባባ፣ ቁልፉን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች። «ማርሽ ውስጥ መሆኑን ሳልነግራት።»

እታለም ጣውንቷ የማረቻት ያህል ተሰማት። ከግጭቱ ይልቅ ይሄ አመማት።

«ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ ያነሣሁት» አለች ከመኪናው ሳትወርድ። «እሷን እየሳቅክ ታስተምራታለህ። እኔን ግን በስፌት መኪና ቀለድክብኝ። እኔስ ልጅህ አይደለሁም?»

«መቼ ነው የቀለድኩብሽ?»

አያስታውሱትም። ስንት ዓመት ሙሉ ያቃጠላት ነገር እሳቸው ዘንድ ጭራሽ የለም። ነገረቻቸው።

«አንዴ ነዋ የጠየቅሽኝ» አሉ በእግራቸው ሥር የሚሄደውን ውሃ እያዩ። «አንዴ ጠየቅሽ፣ አብረሽ ሳቅሽ፣ ተውሽው። ይቺ ስንቴ ተቆጥቻት መሰለሽ የነዘነዘችኝ።»

«እውነታቸውን ነው እትዬ። ሁለቴ ከመኪና አስወርደውኛል» አለች ሙሽሪት።

«እኔ ስትቆጣ እፈራሃለሁ» አለች እታለም።

አባትየው ይህን ሲሰሙ ቁጣው ከፊታቸው ጠፋ። ዞረው በሩን ከፈቱና እግራቸው እንደራሰ ከጎኗ ተቀመጡ።

«ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጪ። ማርሹን አውጪ። አሁን አስነሺ።»

መኪናው ሳለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሣ። ሁለቱም ዝም ብለው አዳመጡት። ሙሽሪት ወደ ቤት ገብታ የአባትየውን ጫማ አምጥታ በመስኮት አቀበለቻቸውና ሥራዋ በአውቶቡስ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋቱን ተካፈሉት፤ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን ሙሽሪት። ቅናቱ ግን በዚያ አልለቀቃትም። የእሷ ተራ ሲሆን «ቀስ»፣ «ጠብቂ»፣ «አሁን» ከማለት በቀር ሌላ ወሬ የለም፤ የሙሽሪት ተራ ሲሆን ሳቁ እስከ አልጋዋ ድረስ ይሰማል። ቢቸግራት ሙሽሪትን «ምን እያለ ነው የሚያስቅሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «ኧረ የምቀልደው እኔ ነኝ፣ እሳቸውማ ይስቃሉ» አለቻት። እታለምም በተራዋ አንድ ቀልድ ሞከረች። አባቷ ዞር ብለው ፊቷን አጠኑና «አሞሻል እንዴ?» አሏት።

ሁለቱም መንጃ ፈቃድ አወጡ። አንድ ቀን እታለም አባቷን ከጎኗ አስቀምጣ መጋረጃ ለደንበኛ አድርሳ ስትመለስ፣ እሳቸው ስለ መታጠፊያው መውቀስ ጀምረው መሀል ላይ ድምፃቸው ጠፋ። ዘወር ስትል ጭንቅላታቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ሲተኙ አይታ አታውቅም። እንዳይነቁባት ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ከኋላ ጥሩምባ ቢያንባርቁባትም ግድ አልሰጣትም።

ማታ ዕቃ እያጠቡ ሳለ ሙሽሪትን «አንቺ ስትነጂ አባዬ ይተኛል?» አለቻት።

«ማ? አባባ? ዓይናቸውን መቼ ይጨፍኑና! እግራቸው ራሱ ወለሉ ላይ ፍሬን ሲይዝ ነው የሚውለው።»

እታለም ሳህን ተቀብላ ማድረቋን ቀጠለች። ሙሽሪት እጇን ከውሃው አወጣችና ትኩር ብላ አየቻት።

«ለምን ጠየቅሽኝ? አንቺ ስትነጂ ይተኛሉ እንዴ?»

«ይተኛል» አለች እታለም። አንድ ቀን ብቻ መሆኑን አልነገረቻትም።