ሦስተኛው ደብዳቤ

መቱ ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ ነው፤ ቀጥሎ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ፤ ከዚያ እኔ። እኔ የሟቹን የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። ማንም አልሾመኝም። አማርኛ ታስተምራለህ፣ መጽሐፍ ታነባለህ፣ እንግዲያው ሟቻችንን ጻፍልን አሉኝ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ከሁለት መቶ በላይ ሰው ጽፌያለሁ። ሁሉም ሰው አክባሪ ነበሩ። ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። የሚስቱን ጥርስ በዱላ ያረገፈውም፣ የወንድሙን የቡና መሬት በሐሰት ምስክር የነጠቀውም «በተሰማሩበት የሥራ መስክ ሁሉ በታማኝነትና በቅንነት አገልግለዋል»። ይህን ሁሉ ቅን ሰው የቀበረ ከተማ እንዴት እንዲህ ያለ ከተማ ሆኖ እንደ ቀረ የጠየቀኝ ሰው የለም።

እናደዳለሁ። አንድ ዓመት በንባብ ሳምንት መድረክ ላይ ንግግር አድርግ ብለው ጋበዙኝ። ባነሩ የግድግዳውን ግማሽ ይዟል፤ ኃላፊዎቹ ከፊት ተደርድረው ውሃ ይጠጣሉ። «ከእናንተ መካከል ዘንድሮ አንድ መጽሐፍ ጀምሮ የጨረሰ እጁን ያውጣ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጋብዘውኝ አያውቁም። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም ስገባ ወሬው ይቀዘቅዛል፤ ይህን እንደ ክብር እቆጥረው ነበር።

የራሴ መጽሐፍ አለኝ። ዐሥራ አራት ዓመት ይዤው አርባኛው ገጽ ላይ ቆሟል። ሲጠይቁኝ «ጊዜ አጣሁ» እላለሁ። ውሸት ነው። ጊዜስ ነበረኝ። ግን የሙታን ታሪክ የጻፈ እጅ መንገድ እንደ ለመደ በቅሎ ነው፤ ልጓሙን ወደ ዱር ብትጎትተውም ዞሮ የሚገባው ወደዚያው በረት ነው። አዲስ ዓረፍተ ነገር ልጽፍ እቀመጥና ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ገጸ ባሕርዬ ሰው አክባሪ ይሆንብኛል።

በሚያዝያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል በሩ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ከገበያው በላይ የነበረችውን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ለሃያ ስምንት ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ማንበብ የጀመርኩት እሳቸው ዘንድ ነው። በሩ አጠገብ ጄሪካንና ሳሙና ያስቀምጡ ነበር፤ እጁን ሳይታጠብ መጽሐፍ የሚነካ ልጅ አልነበረም።

«አትደንግጥ፣ ገና አልሞትኩም» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ፣ በደህና?»

«የሕይወት ታሪኬን እንድትጽፍልኝ ነው።»

«እሱማ እኮ ሰው ሲሞት ነው።»

«ሲሞትማ የምትጽፈውን አየሁት። ባለፈው ሳምንት አቶ ሸጋውን ቀበርን። ስድሳ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። አንተ አንብበህ ስትጨርስ ማንን እንደ ቀበርን ጠፍቶኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ቤታቸው ሄድን። ሁለት ክፍል ናት፤ ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ማርያም የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ጋሼ ያወሩትን በአጭሩ እጽፈዋለሁ፤ እሳቸውም ያወሩት በአጭሩ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ለስብሰባ አዳራሽ ተፈለገ። መጻሕፍቱ «ለጊዜው» ከጀርባ ወዳለው መጋዘን ይግቡ ተባለ። ሦስት ሺህ ያህል መጽሐፍ በስድስት ቀን አጋዙ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሁለት ቦታ ቀዳዳ ነበረው። ጋሼ ለዞኑ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ ወይ ጣሪያው ይጠገን፣ ወይ መጻሕፍቱን ሌላ ቦታ እንዳዛውር በጽሑፍ ይፈቀድልኝ። መልስ የለም። ደግመው ጻፉ። የዚህ አገር ዝናብ ደግሞ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ ሚያዝያ ላይ ገብቶ ጥቅምት ላይ ነው የሚወጣው። ስድስት ደብዳቤ ጻፉ፤ ሁለት ክረምት አለፈ።

«ወደዚህ አምጣቸው አልኩት» አሉ እትዬ ወለተ ማርያም ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ። «አልጋ ሥር ይገባሉ፣ ቆጥ ላይ ይገባሉ፣ ልጆቹ መሬት ይተኛሉ አልኩት።»

«የመንግሥት ንብረት ነው አልኳት» አሉ ጋሼ። «እያንዳንዱ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። ነገ ቤቴ ቢገኝ ሌባ ልባል ነው?»

«የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነበር?» አልኩ።

«ኪሴ።»

«ሁለት ክረምት ሙሉ?»

«ሁለት ክረምት ሙሉ። ዝናቡ ሲወርድ እዚህ ተኝቼ እሰማዋለሁ። ቁልፉን በእጄ እዳስሰዋለሁ። ጠዋት ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

በሩ በመጨረሻ ሲከፈት ከምስጥና ከሻጋታ የተረፈ ነገር አልነበረም። «በብልሽት ተወግዷል» የሚል ወረቀት አመጡላቸው፤ ፈረሙ።

ተነሣሁና ጮህኩ። በሰው ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ባለቤታቸው እየሰሙ። «ሌባ ቢሆኑ ይሻል ነበር!» አልኩ። «ሰርቀው ቢሸጧቸው እንኳ ይሻል ነበር! ቢያንስ አንድ ሰው ቤት ይገኙ ነበር!»

«ይሻል ነበር» አሉ። «እሱን ጻፍልኝ።»

ሦስት ሳምንት ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ከትምህርት ቤት መልስ ጎሬ መንገድ ላይ ብቻዬን እየሄድኩ ዓረፍተ ነገሮቹን ጮክ ብዬ እሞክራቸው ነበር፤ የሚኒባስ ረዳቶች ያበድኩ መስሏቸው ተጠቋቆሙብኝ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ያፈርኩበት ቃል የሌለው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቅን አይልም፣ ታማኝ አይልም፤ ሰውየው በሩን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ እንደ ከተተ ብቻ ነው የሚለው፤ የሚያነበውም ሰው የራሱን ኪስ እንዲዳስስ ነው የጻፍኩት። መጻፍ ማለት ይህ ነው፣ ለካ እችላለሁ፣ ብዬ ወሰድኩላቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ «ጥሩ ነው» አሉ። «አንድ ሰው ጎድሏል።»

«ማን?»

«ሦስተኛውን ደብዳቤ የተቀበለኝ።»

«ማን ነበር?»

«አንተ ነሃ።»

የዚያን ጊዜ በዚያው የዞን መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ነው የሠራሁት፤ በኋላ ከአለቆቼ ጋር ተጣልቼ ለቅቄያለሁ፤ ይህንንም ለሰው ሁሉ በኩራት አወራለሁ።

«አላስታውስም» አልኩ።

«አውቃለሁ። ፖስታውን ተቀበልከኝና ‹ጋሼ፣ ይሄንንማ እኔ ራሴ ይዤላቸው እገባለሁ› አልከኝ። ሻይ ጋበዝከኝ። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። አይደለም ወለተ?»

«ዳቦ ገዝተህ ገባህ» አሉ እትዬ ወለተ ማርያም።

ለማስታወስ ታገልኩ። ፖስታው፣ ሻዩ፣ የእሳቸው ፊት። ምንም የለም። ዋሽተውብኝ ቢሆን እናደድ ነበር፤ እሳቸው ግን የሚዋሹ ሰው አይደሉም፤ መዋሸት ቀርቶ ሌባ መባልን እንኳ እንዴት እንደሚፈሩ አይቻለሁ።

«ልጨምረው?» አልኩ።

«ጸሐፊው አንተ ነህ። እኔ የጎደለውን ነገርኩህ።»

ጨመርኩት። «ሦስተኛውን ደብዳቤ የተቀበለው የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ ምን እንዳደረገበት አያስታውስም።» ወረቀት ላይ ጀግና መሆን ቀላል ነው።

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል በሐምሌ ዐረፉ። ልጃቸው የምስራች ጎሬ ነው የምታስተምረው፤ በመጀመሪያው መኪና መጥታ ከቀብሩ በፊት ቤቴ ድረስ መጣች። ወረቀቱን ሰጠኋትና እስክታነብ ክርክሬን አዘጋጀሁ፤ ስለ እውነት፣ ስለ ሟች ቃል፣ ልጆች የአባታቸውን ታሪክ እንደ ጓሮ አረም ስለ መንቀላቸው። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር።

አንብባ አጠፈችው። «ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች። «እናቴ ‹አልጋ ሥር ይገባሉ› ስትለው ሰምቻለሁ። መሬት እንደምተኛ ሳውቅ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር።»

«አባትሽ ናቸው ያዘዙኝ። ማንም ቢቃወም…»

«ማን ተቃወመ? ያንብቡት እንጂ ጋሼ ፈንታሁን። እናቴም ታውቃለች።»

የሚከለክለኝ አጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ሲቀርብ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ደቅሲሳ የድምፅ ማጉያውን እያቀበለኝ «መምህር፣ አጠር አድርገው» አለኝ። «ካላሳጠርከው ዝናቡ ይቀድምሃል፤ እኔ ደግሞ ጃንጥላዬን ለአማቴ ሰጥቻለሁ።»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ከፊቴ ሰው አለ። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር አለ፤ ስብሰባ ላይ «አንተ ፊርማህን እንጂ ሥራህን አታውቅም» ያልኩት። ከድሮው መሥሪያ ቤቴ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ፈሪ ብያቸው የወጣሁት። ተማሪዎቼ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል።

«አቶ ሰይፈ ሚካኤል ከአባታቸውና ከእናታቸው በጎሬ ከተማ ተወለዱ» አልኩ። ይህ ወረቀቱ ላይም አለ። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» አልኩ። ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። ዓይኔ በወረቀቱ ላይ ይሄዳል፤ መጋዘኑን ያያል፣ ቀዳዳውን ያያል፣ ሦስተኛውን ደብዳቤ ያያል። አፌ ግን በራሱ መንገድ ሄደ። በተሰማሩበት የሥራ መስክ ሁሉ በታማኝነትና በቅንነት አገልግለዋል። ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። አንዴም አልተደናቀፍኩም። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ስል የምስራች ከነጠላዋ ውስጥ ቀና አለችና አየችኝ። አንዳንድ ሴቶች አለቀሱ፤ እትዬ ወለተ ማርያም አላለቀሱም።

«ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥህ መምህር!» አለ አቶ ደቅሲሳ ክንዴን ይዞ። «እንዲህ ነው እንጂ። ለእኔም ይህችኑ ነው የምትልልኝ፤ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ።»

ድንኳኑ ውስጥ የምስራች ውሃ ይዛልኝ መጣች። ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብላ «ከልክዬዎት ነበር?» አለችኝ።

«ለእናትሽ ብዬ ነው» አልኩ። «በዚያ ሐዘን ላይ…»

«እናቴ እኮ ስትጠብቅ ነበር። እግሯ አብጦ ቤት ቅሪ ስንላት ‹አልጋ ሥር ያልኩት ሲነበብ ሰው ይስማልኝ› ብላ ነው የመጣችው። ሃያ ዓመት አልፎታል ይሄን ነገር ከተናገረች። ማንም አልሰማትም።»

ውሃውን ተጎነጨሁ።

«ለማንኛውም ወረቀቱን ይስጡኝ» አለች። «ለአርባው ከፎቶው ጋር እናስቀምጠዋለን።»

እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ተመለሰ። «በደንብ ላስተይበውና አመጣለሁ።»

«የትኛውን?»

ውሃውን ጨርሼ ወጣሁ።

ዝናቡ እየወረደ ነበር። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። ዳናዊት ከስልኳ ቀና አለች፤ የሐዘን ልብሴን አይታ ገባት።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«አዲስ ልጻፍ ወይስ ያለው ላይ ስም ልቀይር? ያለው ላይ ከሆነ አሁን ያልቃል። ስም፣ የትውልድ ቦታና የልጆቹን ቁጥር ብቻ ይንገሩኝ።»

ወረቀቱ በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ዝናብ ነክቶት ሸሚዜ ላይ ተለጥፏል። አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ባኖረው ትጽፈው ነበር። ሁለት ገጽ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባትም።

«ቀይሪው» አልኳት።

ማተሚያው ሲያንቋርር ቆይቶ አንድ ገጽ አወጣ። ትኩስ ነበር።

«ስንት ኮፒ ላድርገው?»

«ሁለት» አልኩ። «አንዱ ለእናትየዋ።»