ጋሽ ደሴ በመስኮቱ

ቃን፣ ቃን፣ ቃን።

ምንይችል ዓይኑን ሳይገልጥ ምን እንደሆነ አወቀ። አጎቱ ጋሽ ደሴ ግቢው ውስጥ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ላይ ያንጠለጠሉትን አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት እየመቱ ነው። በኮኪት እርሻዎች የሰሊጥ አጫጆች አለቃ ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሠራተኛ የሚቀሰቅሱት በዚሁ ነው። አሁን አጨዳው ገና ስለሆነ የሚቀሰቀስ አጫጅ የለም፤ ያለው የወንድማቸው ልጅ ብቻ ነው።

«ተነሥ እንጂ፤ ለነገው አንዘጋጅም?» አሉ በበሩ ብቅ ብለው።

ነገ ገንዳ ውሃ ካለ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ለቃለ መጠይቅ ተጠርቷል። ሥራው ከመኪና የሚራገፈውን ሰሊጥ መረከብ ነው። ካገኘው ጥላ ሥር ይውላል፤ ካላገኘው አጎቱን ተከትሎ ማጭድ ይዞ በረሃ መውረዱ ነው። አምና ወርዶ አይቶታል። ነዶ ሲያነሣ ከሥሩ እባብ ወጣና ማጭዱንም ጫማውንም ጥሎ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ሮጠ። ከዚያ ደግሞ ወባ ጣለችው። ጋሽ ደሴ ይህን ነገር ላንድም ሰው ተንፍሰው አያውቁም፤ ጭራሽ እንዳልሆነ አድርገው ነው የያዙት።

ረፋዱ ላይ የጎረቤታቸው የባለ ሱቁ ልጅ ሩፊዳ መጣች። አምና ተፈትና ሥራ ስለገባች የፈተናውን ነገር ታውቀዋለች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እኔ ጠያቂ ነኝ። እሺ፣ እስኪ ስለ ራስህ ንገረን።»

ምንይችል አሰበ። ስለ ራሱ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ለማን እንደሚነገር ነው የማያውቀው። «ማታ ማታ ከመተማ የሚመጡት የጭነት መኪኖች መብራታቸው ከሩቅ ሲታይ…»

«ማታውን ተወው። የት ተማርክ፣ ምን ትችላለህ፣ እሱን በል።»

«ቆይ አንቺ ልጅ፣» አሉ ጋሽ ደሴ ከመደቡ ላይ፣ «ምን ያስቸኩለዋል? ቀድሞ የተናገረ ዋጋውን ጣለ ማለት ነው። ዝም ይበል። መሬት መሬቱን ይመልከት። ያኔ ጭንቁ የእነሱ ይሆናል።»

«ጋሽ ደሴ፣ ይሄ እኮ የአጫጅ ቅጥር አይደለም።»

«ቅጥር ቅጥር ነው። አለቃው እያለ አፉን የከፈተ አጫጅ እኔ ዘንድ አላደረም።»

ሩፊዳ ሻሿን አስተካክላ እንደገና ጀመረች። «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?»

«ሁለቱም ጎኑ ጠንካራ ነው፣» አሉ ጋሽ ደሴ።

«ደካማ ጎንህስ?»

«እሱን ደግሞ ማን ቂል ይናገራል?»

«ያ ረቢ፣» አለች ሩፊዳ። «እኔ እሱን ነው የጠየቅሁት።»

«እኔም ለእሱ ነው የመለስኩት።»

እንዲሁ ሲሉ ቀትር ሆነ። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ጋለ። ምንይችል ካፉ የወጣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢፈልግ አጣ። ሩፊዳ ጠይቃ፣ ጋሽ ደሴ መልሰው፣ እሱ መካከል ላይ ላቡን ሲጠርግ ዋለ።

«ጋሼ፣ ነገ ብቻዬን ነው የምሄደው፣» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ማን ያዘህ?» አሉ።

በማግሥቱ ሚኒባሱ ውስጥ ሲገባ ጋሽ ደሴ የተተኮሰ ጀለብያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ጋቢና ተቀምጠዋል።

«ለራሴ ጉዳይ ነው፣» አሉ ሳይጠየቁ።

የራሳቸው ጉዳይ መጋዘኑ በር ድረስ ተከትሎት መጣ። ግቢው ውስጥ ሥራ ፈላጊው ሁሉ የፕላስቲክ ክላሰሩን አቅፎ ግድግዳውን ተደግፏል። ጋሽ ደሴ አንድ በአንድ አዩዋቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚህ ሁሉ አለቃ የላቸውም?»

ምንይችል መሬት ብትውጠው በወደደ። ስሙ ሲጠራ ሁለቱም እኩል ተነሡ። ዘበኛው ጋሽ ደሴን በሩ ላይ አስቀራቸው፤ እሳቸውም አልተከራከሩም። ዞረው ሄዱ። ምንይችልም ተመስገን ብሎ ገባ።

ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ለሙቀቱ ሲባል መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«እስኪ ስለ ራስህ ንገረን፣» አለች ሴትዮዋ።

አፉን ከፈተ።

«ስለ ልጁ እኔ ልንገራችሁ፣» አለ መስኮቱ።

ሁሉም ዞሩ። ጋሽ ደሴ ክንዳቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። «ልጁ አይታመምም። እባብ አይፈራም። ለምግብ አያስቸግርም። በረሃ አብሮኝ ወርዶ ሥራ ጥሎ አያውቅም። እኔ አለቃው ዋስ ነኝ።»

«አባትህ ናቸው?» አለች ሴትዮዋ፣ ሳቋን እየያዘች።

«አጎቴ ናቸው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ያሉት እውነት ነው?»

ምንይችል ወደ መስኮቱ አየ። ጋሽ ደሴ ዝም በል እያሉ በዓይናቸው ወደ መሬት ይጠቁማሉ። ትናንት የዋለው ሙቀት፣ የጋቢናው ጀለብያ፣ ይሄ ሁሉ በዛበት።

«አይደለም፣» አለ። «እባብ እፈራለሁ። አምና አይቼ ማጭዴን ጥዬ ሮጫለሁ። ታምሜም ነበር። እሳቸው እንዲህ ያሉት ሰው እንዳይሰማ ብለው ነው። ለአጨዳ የምሆን ሰው አይደለሁም፤ እዚህ የመጣሁትም ለዚያ ነው። የሚገባና የሚወጣ መኪና ስጠብቅ ግን አይሰለቸኝም። ማታ ማታ ያለ ሥራም ስጠብቅ ነው የማመሸው። ብቻዬን ስሆን ያየሁት ነገር ከዓይኔ አይጠፋም።»

አንደኛው ሰውዬ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«ቀጥል፣» አለች።

ሊቀጥል ሲል መስኮቱ ባዶ ሆኖ አየው። ጋሽ ደሴ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በሥራ ፈላጊዎቹ መካከል እያለፉ ነው። ከበሩ ወጥተው፣ ወደ መናኸሪያው የሚወስደውን መንገድ ትተው፣ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ወደ ኮኪት አቀኑ።