ሳቂታው የራስ ቅል

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። የተዘጋ ቧንቧ የሚከፍተውን ፈሳሽ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አውጥታ፣ ክዳኑን ፈትታ፣ አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ጠርሙሱን ከፋብሪካችን የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ምርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ፈትሼ የምፈርመውም እኔው ነኝ።

ሐኪሙ ትድናለች አለ። ምላሷና ከንፈሯ ግን ተልጦ ነበር። በአራተኛው ቀን ድምጿ ሲመለስ ለምን እንደጠጣችው ጠየቅኋት።

«ሳቂታው አለ» አለችኝ።

«የቱ ሳቂታ፣ እናቴ?»

ጣቷን ወደ ጥርሶቿ ቀሰረች። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን የራስ ቅል ማለቷ ነበር።

እህቴ «ምልክት አለው፣ አታስቢ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልክ ነበረች፤ ብዬ ነበር።

የሚቀጥለው ምርት ሰኞ ይወጣል። ያለ እኔ ፊርማ አይወጣም። አምስት ቀን ነበረኝ።

መጀመሪያ ስለ ምልክቱ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ድሮ መቃብር ላይ ይቀረጽ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ሟችነቱን እንዳይረሳ። የባሕር ወንበዴዎች ባንዲራቸው ላይ አደረጉት፤ እጃችሁን ስጡ ለማለት። መድኃኒት ቀማሚዎች ደግሞ መርዙን ከመድኃኒቱ እንዲለይላቸው ጠርሙስ ላይ ለጠፉት። ዛሬ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊያችን ቲሸርት ላይ አለ። ምን ማለት ነው ስለው «ማማር ነዋ!» አለኝ።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ከፍቶትም ይስቃልና። የራስ ቅል ደግሞ ከንፈር ስለሌለው መሳቁን የሚያቆምበት መንገድ የለውም።

ወላጆችን አስፈቅጄ፣ ሦስት ዓይነት ባዶ ጠርሙሶች ይዤ ሰፈራችን ወዳለው የሕፃናት መዋያ ሄድኩ። አንዱ ምንም የለበትም፤ አንዱ አበባ፣ አንዱ የራስ ቅል አለበት። ከሃያ ልጆች አሥራ ሦስቱ መጀመሪያ የራስ ቅሉን አነሱ። ጥርሱን አጥፍቼ እንደገና ሣልኩት። ፋብሪካ ውስጥ «ወንፊት የጥርስ ሐኪም ሆነች» ተባለ፤ ወንፊት የሚሉኝ ገለባ አታሳልፍም ለማለት ነው። በማግስቱ ዘጠኝ ልጆች አነሱት። አንዷማ «አባባ!» ብላ ሳመችው፤ ለካ አያቷ ጥርስ የላቸውም።

ሥዕሉን ተውኩት። ተጭነው ካላዞሩት የማይፈታ የክዳን ናሙና ከአስመጪ ለምኜ አመጣሁ። ከሃያዎቹ አንዳቸውም በአሥር ደቂቃ ውስጥ አልከፈቱትም። አንዱ ነከሰው፣ አንዱ ተቀመጠበት፣ አንዷ ደግሞ «ክፈቺልኝ» ብላ አመጣችልኝ።

ሰኞ ጠዋት የፋብሪካው ባለቤት ያልተፈረመውን ቅጽ ይዞ ላቦራቶሪ ገባ። የማሸጊያ ኃላፊው ተከትሎታል።

«ሕጉ የራስ ቅል አድርጉ ይላል፤ አድርገናል። ምን ጎደለ?»

«የራስ ቅሉ ለሚያውቀው ነው የሚናገረው፣ ጋሼ። ሞት ምን እንደሆነ ላልገባት ልጅ ጥርስ ብቻ ነው። ክዳኑ ይቀየር።»

«ክዳኑ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ማሽን ላቁም?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ጥርሴ ውስጥ እየገባሽ ነው።»

«ከእሱ የባሰ ጥርስ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይፈርማል!»

«ይፈርም።» የሙከራውን ውጤትና የሆስፒታሉን ወረቀት ከቅጹ ጋር አያይዤ ለማሸጊያ ኃላፊው ሰጠሁት። ከሥሩ «ይህን አንብቤ ፈቅጃለሁ» የሚል መስመር ጽፌበታለሁ። እስክሪብቶውን አነሳ። አነበበ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠና ማንንም ሳያይ ወጣ።

ባለቤቱ ናሙናውን አንስቶ አዞረው። ክዳኑ ቀጭ ቀጭ አለ እንጂ አልተፈታም።

«ይሄ እኮ ለእኔም አይከፈትም!»

«ተጭነው ያዙሩት።»

ከፈተው። ዘጋው። ደግሞ ከፈተው።

«ሦስት ሳምንት» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ቢጨምር አንቺን ነው የማሽገው።»

«ሱቅ ያለውስ?»

«የምን ሱቅ?»

«እስከ ዛሬ የሸጥነው። ልሰብስበው፤ የወሰዱትን ሱቆች ዝርዝር ይስጡኝ።»

«አበዛሽው አሁንስ!»

ዝርዝሩን እስኪሰጠኝ በሩ ላይ ቆምኩ። አርባ አንድ ሱቅ ነው። የመጀመሪያው ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ስለነበር ጋዋኔን ሳላወልቅ ተሻገርኩ።