አካፋይ አይመርጥም

አለምነሽ ብልጥ ነኝ ብላ ነው የተበላችው፤ ይሄን እሷም አትክድም። ባሏ የነበረው ፍቃዱ ደግሞ እልኸኛነቱን የሀዋሳ የቱላ መንገድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አብረው በኖሩበት ዘመን እሷ ሻይ ካለች እሱ ወተት፣ እሷ መስኮት ክፈት ካለች እሱ በር ዝጊ ነበር። የፈለገችውን ነገር ካወቀ አለቀላት።

ፍቺው በፍርድ ቤት አልቋል፤ የቀረው ቤቱ ነው። ዳኛው ተስማምታችሁ ተካፈሉ፣ እምቢ ካላችሁ በሐራጅ ይሸጣል አሏቸው። አለምነሽ ሐራጁን ፈራች። ለራሷ እንኳ አይደለም፤ እሷ የትም ተከራይታ ትኖራለች። ለእናቷ ነው። እናቷ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የሚኖሩት ጓሮ ካለው ሰርቪስ ነው። እዚያች ጭቃ ቤት ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ቧንቧው ጋ ይደርሳሉ፣ ሽንት ቤት ይሄዳሉ፣ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ጎመን ሳይቀር ይቀነጥሳሉ። ማንም አይመራቸውም። ሴትዮዋ ዓይናቸውን አጥተው ክብራቸውን ያላጡት በዚያች ጓሮ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መሀል ገቡ። ሰብሳቢያቸው ጋሽ ኩማ የአባት መሬት የሚካፈሉ ወንድማማቾችን ሲያስማሙ የኖሩ ሰው ናቸውና እዚህም ያንኑ ልማድ አመጡ፦ አንዱ ይክፈል፣ ሌላው ይምረጥ፤ የከፈለ አይመርጥም፣ የመረጠ አይመልስም። ሁለቱም እሺ አሉ፣ ተጸለየበት። ዕጣ ሲወጣ መክፈሉ ለአለምነሽ ደረሰ።

ሰርቪሱን ለእናቴ ስጡኝ ብላ እቅጩን ብትናገርስ? እሷ እቴ! ፍቃዱ ሰምቶ ሊያስቀርባት? ዝም አለችና ግቢውን ከሳሎኑ ጀርባ ቆረጠችው። ለፊተኛው ድርሻ ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቶቹን፣ ትልቁን የብረት በር፣ ሱቅ የሚወጣውን የአስፋልት ግንባር፣ ያለውን ሁሉ ጨመረችለት። ለኋለኛው ሰርቪሱን፣ ቧንቧውንና በጎን የምታስወጣ ጠባብ መተላለፊያ ተወች። ጎረቤቷ ቃልኪዳን የተወጠረውን ሲባጎ አይታ፣ ሴትዮ አመመሽ እንዴ ብላ ተቆጣቻት። አለምነሽ ሳቀች። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። አስፋልት ዳር ትቶ ጓሮ የሚገባ ወንድ ሀዋሳ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝማ፤ ያውም ፍቃዱ!

የምርጫው ቀን ፍቃዱ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ፊት ለፊቱን አየት አደረገና ወደ ጓሮ ዞረ። እዚያ ቆየ። እናቷ ቧንቧው ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን ያጥባሉ። እማማ ደህና ነዎት አላቸው፤ እሳቸውም ድምፁን ለይተው በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ መረቁት። ሲታጠቡ፣ ሲያጥቡ፣ ግድግዳቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ቆሞ አያቸው። ተመልሶ ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጠ።

«ኋለኛውን መርጫለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ምርቃቱ ወረደ። ሰፊውን ለሴት የተወ፣ ጌታ ልቡን የነካው ሰው ተባለ፤ አንዱማ ተነስቶ አቀፈው። አለምነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። እናቷ የሚኖሩት እዚያ እንደሆነ፣ ከዚያ ከወጡ መንገድ እንደማያውቁ እየተንተባተበች ነገረቻቸው።

ጋሽ ኩማ ግራ ተጋቡ። «ልጄ፣ ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽንም? ብትነግሪን ኖሮ ምርጫም ሳይኖር ሰርቪሱ የእናትሽ ነው ብለን እንጨርሰው ነበር።»

ወደ ፍቃዱ ዞረች። ዕድሜዋን ሙሉ ለምና የማታውቀውን ሰው፣ እንቀያየር፣ ስለ እግዚአብሔር ብላ ለመነችው።

«አስፋልት ዳር ጥለሽልኝ ጭቃ ቤት ስትመኚ ለምን እንደሆነ የማይገባኝ ሞኝ አደረግሽኝ?» አላት ድምፁን ሳያነሳ። «እናትሽ ከመጡ ጀምሮ እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነበርኩ። አካፋይ አይመርጥም ተባብለናል።»

እምቢ ብትል ፍርድ ቤት፣ ፍርድ ቤት ካለ ሐራጅ፤ መሄጃ የለም። ፈረመች።

ግንበኛ መጥቶ ግቢውን በብሎኬት ግጥም አድርጎ ለየው። ፍቃዱ ሰርቪሱን አልኖረበትም፣ አላከራየውም፤ ቆልፎት ሄደ። እናቷ ፊተኛው ቤት ገቡ። ሴራሚኩ አዳለጣቸውና አንዴ ወደቁ፤ ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት የሚሄዱት ተመርተው ነው። ልጃቸው ገበያ ውላ እስክትመለስ ሰው ላለማስቸገር ብለው ቀን ቀን ውሃ መጠጣት ተዉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። ጠጪ ስትላቸው አልጠማኝም ይላሉ። ሰዉ ደግሞ አስፋልት ዳር ቤት ደረሰሽ፣ ታድለሻል ይላታል።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ እናቷን ቤት ውስጥ አጣቻቸው። እየዳሰሱ በጓሮ በር ወጥተው፣ ብሎኬቱ ጋ ደርሰው፣ በሁለት እጃቸው ከላይ እስከ ታች ይደባብሱታል።

«በሬን ማን ዘጋው?» አሏት ኮቴዋን ሲሰሙ።

የፍቃዱ ስም ምላሷ ላይ ነበር። ስንት ቀን ረግማዋለች፤ አሁንም ብትረግመው ደስ ባላት።

«እኔ ነኝ» አለቻቸው።

እናቷ እጃቸውን ከብሎኬቱ አነሱና፣ ይዛ እስክታዞራቸው ቆመው ጠበቁ።