አልጋ ስር የተገኘው ፌስታል

እትዬ አስካለ ቤት ሲጠርጉ አልጋ ስር ሳይገቡ አይወጡም። ከልጃቸው ከወንድምአገኝና ከምራታቸው ከሮማን ጋር አሜሪካ፣ ፌርፋክስ አጠገብ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። የሮማንን አልጋ ስር ጥረጉልን ያላቸው ግን የለም። ያን ሐሙስ መጥረጊያቸው አንድ ጥቁር ፌስታል ጎትቶ አወጣ።

ፈቱት። የዶሮ ላባ። ጥቁር ክር። ጥቁር የተቀባ፣ ዓይን የተሣለበት የእንቁላል ካርቶን። ከሥር ደግሞ ተጠቅልለው በክሩ የታሰሩ ትንንሽ ወረቀቶች። አንዱን ፈትተው አዩት። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ይቺን ጽሑፍ ግን ያውቋታል። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው አቢጌል እየጻፈች ፍሪጅ ላይ የምትለጥፋት የራሷ ስም ናት።

«በስመ አብ!» ብለው ቁጭ አሉ። ላባ፣ ጥቁር ክር፣ የልጅ ስም፣ አልጋ ስር! ይሄ መተት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ያውም በጽጌ ጾም!

ድሮም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። ሮማን ሰሞኑን ከሥራ ስትገባ ስልኳን ይዛ ባኞ ቤት ገብታ ትዘጋለች። «እሳቸው እንዳያዩት፣ ፕሊስ» ስትል በጆሯቸው ሰምተዋታል። ለልጃቸው እንዳይነግሩት፣ ሲነዳ ውሎ የደከመ ሰው ነው፤ ከሚስቴ ልታጣላኝ ነው ቢልስ? ዝም እንዳይሉ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። የአቢጌልን ወረቀት ጸበል ረጭተው ጡታቸው ሥር ወሸቁት። የቀረውን እንደነበረ መለሱት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሮማን መጣች። «እማማ፣ ታች ግቢው ውስጥ ይምጡ፤ ለልጆቹ ፓርቲ አለ።»

ወረዱ። ያ ካርቶን ሸረሪት ሆኖ በጥቁሩ ክር ተንጠልጥሏል። ላባው የወረቀት ቁራ ላይ ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ዱባ ተቦርቡሮ ጥርስ ወጥቶለታል።

«ወጥ የሚሆነውን ዱባ!» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሃሎዊን ነው እማማ፤ ልጆች በማስፈራራት የሚጫወቱበት የፈረንጅ በዓል። ይቆጡኛል ብዬ ነው የደበቅኩት። ደም ምናምን የለበትም፤ ሁሉንም በእጄ ነው የሠራሁት።»

እትዬ አስካለ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። ዓይናቸው ዱባው ላይ ነው።

ጎረቤታቸው ሲሀም ዱባው ውስጥ እጇን ከትታ አንድ የስም ወረቀት አወጣችና ባለተራውን ልጅ ጠራች። «ለይኩን!» ለይኩን የተሸፈነ ካርቶን ውስጥ እጁን ሰደደ። «አንጀት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ቶማስ!» ቶማስ ደግሞ ዓይን ጨበጥኩ ብሎ ሮጠ፤ የተላጠ ወይን ነው። ስም በተጠራ ቁጥር አቢጌል በእግሯ ጣት ትቆማለች። ዱባው ባዶ ሆነ።

«እኔስ? ማሚ፣ የኔን ስም አልጻፍሽም?»

«ጽፌዋለሁ እንጂ! ሲሀም፣ ጣልሽው እንዴ?»

«እኔ ምን ላርገው? እንዳመጣሽው ነው የከተትኩት። አልቆጠርሽም ይሆናል።»

«ቆጥሬያለሁ!»

የሁለቱም ፊት ተቀየረ። አቢጌል ባዶው ዱባ ውስጥ አጎንብሳ ፈለገች። እትዬ አስካለ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። እጃቸው ደረታቸው ላይ ቆየ፤ ከዚያ ገባና ወረቀቷን አወጣ።

«እኔ ጋ ነው።»

«እማማ! እርስዎ ጋ ምን ሊሠራ?»

«አልጋ ስር አገኘሁታ! ላባ፣ ጥቁር ክር፣ የልጅ ስም። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

«ውይ እትዬ!» ሲሀም ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሮማን፣ ጠንቋይ ቤት ልከውሽ ነበር እኮ!»

ሮማን አልሳቀችም። «ሁለት ቀን ሙሉ እንደዛ እያዩኝ ነበር? አንድ ቃል ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺስ አንድ ቃል ብትነግሪኝ?»

አቢጌል የነጠላቸውን ጫፍ ሳበች። «አያዬ፣ ተራዬ ነው። ግን ፈራሁ፤ አብረሽኝ ክተቺ።»

አማተቡና ከትንሿ እጅ ጋር እጃቸውን ካርቶኑ ውስጥ ሰደዱ። ቀዝቃዛ፣ የሚያዳልጥ ነገር። ደንግጠው ጨበጡት።

«መኮሮኒ ነው!» አለች አቢጌል እየዘለለች።

እትዬ አስካለ ጣታቸውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«ቅቤ አለበት?»

«ዘይት ነው እማማ» አለች ሮማን፤ አሁን ፈገግ አለች። «ጽጌ መሆኑን አጣሁት እንዴ? የዱባውም ሆድ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ለእርስዎ ወጥ ብዬ።»

እትዬ አስካለ ጣታቸውን አንዴ ደግመው አሸተቱ።