እሳቱ ጠፍቷል?

መብራቱ ቀይ ሆነና ሳጥኑ ዝም አለ። ከጠዋት ጀምሮ ሲወድቅ ይህ ሰባተኛው ነው።

ቨርና ዊብ መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች። የሱፍ ፍሬ በጥርሷ ፈልፍላ ገለባውን ባዶ ስኒ ውስጥ ተፋች። በዊንክለር ከተማ ሱፍ ሳይፈለፍል የሚያስብ ሰው የለም።

"አሁንስ?" አለች ቲና ፔነር ከማዶው ጠረጴዛ። ቲና የሳጥኑን ሽቦ ትሠራለች፤ ውስጡ የሚያድረው ፕሮግራም የቨርና ነው።

"ሞተ።"

"ነፍስ ይማር! ለቀብሩ ዳቦና አይብ ልዘዝ?"

"ትንሽ ታገሺ። እኔም እየተከተልኩት ነው፤ ለሁለታችን አንዴ ታዢያለሽ።"

ሳጥኑ የእህል ማድረቂያ አንጎል ነው። ገበሬው እርጥብ በቆሎውን ጎተራ ከማስገባቱ በፊት በጋዝ እሳት ያደርቀዋል፤ ጋዙን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ሙቀቱንም የሚለካው ይህ ሳጥን ነው። ፋብሪካው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ሳጥን ሲሸጥ ኖረ። ዘንድሮ የድሮው ቺፕ መመረቱ ቀረና አዲስ መጣ፤ አዲሱ ቺፕ ደግሞ አዲስ ኮምፓይለር ይዞ መጣ። ኮምፓይለር ማለት እንግዲህ አስተርጓሚ ነው። ሰው የጻፈውን ተቀብሎ ማሽን በሚገባው ቋንቋ ይገለብጣል። በድሮው አስተርጓሚ አንድም ቀን ያልወደቀው ፕሮግራም በአዲሱ ሲገለበጥ፣ በተነሳ በአራት ደቂቃው ይወድቃል። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አልተነካችም። አርባ አዲስ ሳጥኖች ዓርብ መላክ ነበረባቸው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ በቆሎው ደግሞ ዝናብ እንደጠጣ በየማሳው ቆሟል።

የፋብሪካው ባለቤት ኤልመር ፍሪሰን በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ ግን ቨርና በልጅነቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ስላስተማረችው ዛሬም "ታንቴ" ነው የሚላት፤ በከተማው ሰው ወግ አክስቴ እንደማለት ነው።

"ታንቴ፣ ኮምፓይለሩ ነው አይደል የተበላሸው? ለሠሩት ሰዎች ጻፊላቸዋ!"

"ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ ኤልመር። ኮምፓይለር ሲያጠፋ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ነው። እኛ ስናጠፋ ያገኘሁትን ግን መቁጠር ትቻለሁ።"

"ዓርብ ይደርሳል ወይ?"

"እኔንጃ። ሂድና ሻይህን ጠጣ።"

ሄደ። ቨርና ፕሮግራሙ የት ላይ እንደሚወድቅ ራሱ እንዲነግራት በየመሃሉ "እዚህ ደርሻለሁ" የሚል መልእክት ሰካችበት። መልእክቱ ሲገባ መውደቁን ተወ። ስታወጣው ወደቀ። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚጠፋበት በሽተኛ ነበር። ጀርባዋ ደነዘዘ። ከስድሳ ሁለት ዓመት ዕድሜ ጋር ወንበርም ጠላት ይሆናል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ የፕሮግራሙን ግማሽ ዘግታ ታየዋለች፤ ከወደቀ የቀረውን ግማሽ ለሁለት ትከፍላለች፤ እንደገና፣ እንደገና። ምሳዋን ቋሊማ በዳቦ ከኪቦርዱ ላይ ሳትነሳ በላች። ስምንት ሰዓት ሲሆን በእጇ የቀረው ዘጠኝ መስመር ነበር።

ዘጠኙ መስመር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እሳቱ ጠፍቷል? በማድረቂያው ውስጥ እሳቱን የሚያይ ዓይን አለ። ዓይኑ ነበልባል ካየ መልሱ "አይ"፣ እሳት እንደሌለ በግልጽ ካየ "አዎ" ነው፤ አዎ ከሆነ ጋዙ ይዘጋል። ዓይኑ በበቆሎ ገለባ ቆሽሾ በደንብ ካላየስ? ለዚያ መልስ አልተጻፈም። የጻፈው ሰው ረስቶታል። ቲና ለሙከራ የሰካችው ዓይን ደግሞ ከገበሬ የተመለሰ፣ የቆሸሸ ነበር።

አዲሱ ኮምፓይለር እንዲህ አሰበ፦ መልስ አመጣለሁ ብሎ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ስለዚህ ለባዶ እጅ የመመለሻ መንገድ አልሠራለትም። ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ መንገድ አጥቶ ገደል ገባ።

"አገኘሽው?" አለች ቲና ፊቷን አይታ።

"አገኘሁት። መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። እነዚህን መስመሮች የጻፈው ጄክ ነው።"

ጄክ የኤልመር አባት ነው፤ ፋብሪካውን በጋራዡ የጀመረ፣ አፈር ይቅለለው። ቲና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦ "ኮምፓይለር እንዲህ ያለውን አያስጠነቅቅም እንዴ?"

ቨርና ወደ ስክሪኑ ዞረች። ለኮምፓይለሩ ትእዛዝ የሚሰጠውን ማዘዣ ፋይል ከፈተች። ከላይ፣ አምስተኛው መስመር ላይ፣ ማስጠንቀቂያ ሁሉ እንዳይታይ የሚከለክል አንድ ትእዛዝ ተቀምጧል። ጎኑ ላይ የጸሐፊው ስም አለ፦ ቨርና ዊብ። ያን ቀን ታስታውሰዋለች። እንግዶች ሊጎበኙ መጡ፤ በስክሪኑ ላይ ሦስት ሺህ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ይጎርፍ ነበር፤ አብዛኛው ተራ ነገር ነው፤ አፍራ የኮምፓይለሩን አፍ ዘጋችው። በኋላ እከፍተዋለሁ ብላ ነበር።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ይኼኛው ግን ወርቅ አልነበረም።

መስመሩን ማከም አንድ ደቂቃ ነው፤ "ካልታየ፣ ጠፍቷል በል" ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ተነሳ፤ አራት ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ። ቲና አጨበጨበች። ቨርና ግን አንድ ነገር ቆረቆራት። የድሮው ኮምፓይለር ባዶ እጅ ሲመጣበት አሥራ አንድ ዓመት ምን ሲያደርግ ኖረ?

የድሮው ኮምፓይለር የገለበጠውን አትማ በእርሳስ ተከተለችው። የድሮው ግዴለሽ ነበር፤ መልስ ሲያጣ በእጁ የተገኘውን የመጨረሻ ቁጥር እንደ መልስ ያቀብላል። የመጨረሻው ቁጥር የውጪው አየር ሙቀት ነው። በማሽን ዘንድ ማንኛውም ቁጥር "አዎ" ነው፤ ስለዚህ ጋዙ ይዘጋል፤ እግዜር ይስጠው። "አይ" የሚሆነው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ዜሮ።

እርሳሱን አስቀመጠች።

"ቲና፣ ዛሬ ማታ ብርዱ ስንት ነው?"

ቲና ስልኳን አየች። "ዜሮ ይላል። ነገም ዜሮ። ምነው፣ ካፖርት አላመጣሽም?"

ኤልመር ቢሮው ውስጥ ቆሞ ሰማት። ዓይኑ ከቆሸሸ፣ እሳቱ ከጠፋ፣ አየሩም ልክ ዜሮ ከሆነ፣ ጋዙ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። እንዲህ ያለ ሳጥን በየእርሻው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አለ።

"አሥራ አንድ ዓመት ምንም አልሆነማ!"

"ዕድል ነው።"

"አባዬ ነው እንዲህ የጻፈው?"

"አባትህ አንድ ነገር ረሳ። ማን የማይረሳ አለ? ኮምፓይለሩ ግን በየቀኑ ይናገር ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ኤልመር ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "ታንቴ፣ በገና ጡረታ ትወጫለሽ። ኬኩ ታዟል። ስምሽን በዚህ ነገር አታስነሺው። አዲሶቹን ዓርብ እንላካቸው፣ ለአሮጌዎቹ ደግሞ ሰኞ ጠበቃ አማክሬ…"

"ዜሮው ሰኞን አይጠብቅም።"

"ኢንሹራንሱ ይጥለናል። አርባ ሰው ነው እዚህ እንጀራው ያለው።"

"አውቃለሁ። ልደውልላቸው ወይ?"

ኤልመር አዎም አላለ፣ አይም አላለ። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ተሰማ።

ቨርና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የሰውነቷ ሁሉ ልመና ቤት መሄድ ነበር። የደንበኞቹን ዝርዝር አተመች፤ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። የመጀመሪያዋ ሳራ አብራምስ ናት፣ ከፕለም ኩሊ መንደር ወዲያ የምታርስ ባሏ የሞተባት ሴት። ደወለች።

"ሃሎ! ጮክ በይ፣ አይሰማም!"

"ሳራ፣ ቨርና ዊብ ነኝ፣ ከማድረቂያ ፋብሪካው። ያ የሚጮኸው ማድረቂያው ነው?"

"ከትናንት ጀምሮ ሲጮህ ነው ያደረው። ምነው፣ ሌላ ልትሸጪልኝ ነው? አንዱንም ከፍዬ አልጨረስኩ!"

"አይደለም። ሌሊት ማን ነው አጠገቡ የሚያድረው?"

"ማንም። ሳጥኑ አለ አይደል? እኔማ እተኛለሁ፣ ተመስገን ነው።"

ቨርና ዓይኖቿን ጨፈነች። "ስሚኝ ሳራ። ሳጥኑ ላይ ስህተት አለ። ስህተቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ ሄደሽ ጋዙን ከታንከሩ ዝጊው፤ አስተካክለን እስክንመጣ እንዳትከፍቺው።"



"በቆሎዬ ይሻግታል እኮ፣ ቨርና።"

"አውቃለሁ። እሱንም እንነጋገራለን። አሁን ሂጂ፣ ስልኩን ሳትዘጊ።"

ስልኩ እንጨት ላይ ሲቀመጥ፣ በር ሲንገጫገጭ፣ ከዚያ በጠጠር ላይ የቦት ጫማ ርምጃ ተሰማ። ቲና ያለ አንድ ቃል ተነሥታ ከዝርዝሩ ሁለተኛውን ገጽ ወሰደች፤ በሌላኛው ስልክ መደወል ጀመረች። ሦስት መቶ አሥር ስም ቀርቷል፤ ፀሐይዋም ዘቅዝቃለች። ቨርና ግን አልቸኮለችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ የዚያ የሩቅ ማድረቂያ ጩኸት እስኪቆም ድረስ ጠበቀች።